እሳቱ ከጠፋ በኋላ

ባለፈው ዓመት ቢሯችን ባለበት ሕንፃ ላይ የእሳት አደጋ ልምምድ ተደርጎ ነበር። ደወሉ ሲጮህ የእኛ ክፍል ከ8ኛ ፎቅ በደረጃ መውረድ ጀመረ። ታኮ ጫማዬን በአንድ እጄ፣ ስልኬን በሌላው ይዤ 5ኛው ፎቅ አካባቢ ስደርስ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ላይ ሲወጡ አገኘኋቸው። ሙሉ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ጀርባቸው ላይ የአየር ሲሊንደር፣ ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ ቱቦ አለ። አንደኛው እንዳልፍ ብሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋልኝ። ከጭምብሉ ውስጥ ይወጣ የነበረው የትንፋሽ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ልምምዱ ሲያበቃ ሁለቱን ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ የማርኬቲንግ ሥራ እንዲህ ነው። "ጀግኖቻችን" የሚል ጽሑፍ ጨምሬ በድርጅቱ ገጽ ላይ ለጠፍኩት፤ ብዙ ሰውም ወደደው። በማግሥቱ ዋናውን ፎቶ ለአጎቴ አሳየኋቸው። ጋሼ ከ20 ዓመት በላይ በዚሁ ሙያ የኖሩ ሰው ናቸው። የልጆቹን ፊት እንኳ አላዩም። ጣታቸውን ከፎቶው ታችኛው ክፍል ላይ አሳርፈው፣ "ይቺን እጅ አየሻት? ይኼ ልጅ ጉልበቱን ደግፎ ነው የቆመው" አሉኝ። ልክ ነበሩ። እኔ በለጠፍኩት ፎቶ ላይ ግን ያቺ እጅ የለችም። ለገጹ እንዲመች ብዬ ከወገብ በታች ቆርጬዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍልዎ ያነሳሳችኝ ያቺ የተቆረጠችው እጅ ናት።

የሚገድላቸው ምንድን ነው?

የእሳት አደጋ ሠራተኞችን በሥራ ላይ እያሉ አብዝቶ የሚገድላቸው ምን ይመስልዎታል? ነበልባል? ጭስ? የሚደረመስ ጣሪያ? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ በስፋት በተጠናባት አሜሪካ ግን መልሱ ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከ1994 እስከ 2004 በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱትን የእሳት አደጋ ሠራተኞች መዝገብ አገላብጧል። የመስከረም 11 ቀን 2001ን የኒው ዮርክ ጥቃት ሰለባዎች ሳይጨምር ከ1,144 ሟቾች ውስጥ 449ኙን የገደላቸው የልብ ደም ሥር ሕመም ሆኖ ተገኘ። ከ100 ሰው 39 ማለት ነው።

ከዚህ ቁጥር በላይ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ እነዚህ ሰዎች ልባቸው የቆመው ምን ሲሠሩ እንደነበር ለይተው አስቀምጠዋል። 32 በመቶ ያህሉ እሳት ሲያጠፉ ነው። አንድ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ እሳት በማጥፋት የሚያሳልፈው ጊዜ ደግሞ ከሥራ ጊዜው ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ እንደሆነ ሲታሰብ አደጋው ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባዎታል። ወደ አደጋው ቦታ እየሄዱ የሞቱት 13 በመቶ ገደማ ናቸው። ከአደጋው ሲመለሱ የሞቱት ግን 17 በመቶ!

እሳቱ ከጠፋ፣ ቱቦው ከተጠቀለለ፣ "ተመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን" ከተባለ በኋላ ማለት ነው። ሲመለሱ የሞቱት ሲሄዱ ከሞቱት ይበልጣሉ።

የአሜሪካ ሕግም ይህን ዘግይቶ ነው የተቀበለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በጸደቀ ሕግ፣ ከባድ የአደጋ ሥራ ሠርቶ በ24 ሰዓት ውስጥ በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የሞተ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በግዳጅ ላይ እንደሞተ እንዲቆጠርና ቤተሰቡም የሚገባውን እንዲያገኝ ተፈቀደ። ሕጉ የሰዓቱን ቆጠራ እሳቱ ቦታ ላይ አላቆመውም፤ ሰውየው ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ አስረዝሞታል።

ልብ በዚያች ሰዓት

እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው በደወል ሲነቃ ልቡ በሴኮንዶች ውስጥ ከእርጋታ ወደ ሩጫ ይገባል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ነው ይህ ሁሉ። ከዚያ ሸክሙ ይመጣል። መከላከያ ልብሱ፣ ቦቲው፣ የራስ ቁሩና የአየር መሣሪያው ተደምረው 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። (ሲሊንደሩን ብዙዎቻችን "ኦክስጅን" እንለዋለን፤ ውስጡ ያለው ግን የታመቀ ተራ አየር ነው።) በሰሜን አሜሪካ ለዚህ ሥራ የሚወዳደር ሰው የሚፈተንበት አንድ የታወቀ የአካል ብቃት ፈተና አለ። ስምንት ከባድ ሥራዎችን ሳያርፍ በ10 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ መጨረስ አለበት። የመጀመሪያው ብቻ 34 ኪሎ ያህል ተሸክሞ በሚሽከረከር ደረጃ ላይ ለ3 ደቂቃ መውጣት ነው። ይህ ገና ለመቀጠር ነው፤ ጭስም እሳትም የለበትም።

ልብሱ እሳትን እንደሚከላከል ሁሉ የራስን ሙቀትም አፍኖ ይይዛል። ላብ ይወርዳል እንጂ ተንኖ ሰውነትን አያቀዘቅዝም። ፈሳሽ ሲጎድል ደም ይወፍራል፣ መጠኑም ያንሳል፤ ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ መምታት ይኖርበታል። ጭምብል በወለቀበት ቅጽበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከገባ ደግሞ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከቀይ የደም ሴሎቻችን ጋር ያለው ቁርኝት ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። እዚህ ላይ የእኛን ከተማ ያስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ለምደነው እንጂ ደረጃ መውጣት እዚህም ቀላል አይደለም።

የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ኤድንብራ ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ሙከራ ነገሩን በደንብ ያሳያል። 19 ጤነኛና ሲጋራ የማያጨሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መረጡ። ለልምምድ በተዘጋጀ የሚነድ ሕንፃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ሰው የማዳን ሥራ እንዲሠሩ አደረጉ፤ ከዚያ ደማቸውን መረመሩ። የሰውነታቸው ሙቀት ወደ አንድ ዲግሪ ጨምሯል። ደማቸው ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት የቀረበ ሆኗል፤ የደም ሥሮቻቸው እንደ ልብ መስፋት ተስኗቸዋል፤ የልብ ጡንቻቸው ላይም መጠነኛ የጉዳት ምልክት ታይቷል። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ ጤነኞቹ ናቸው። በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ስብ ሲጠራቀምበት ኖሮ ያላወቀ ሰውስ? በሥራ ላይ በልብ ከሞቱት አብዛኞቹ ቀድሞውንም የተደበቀ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ልባቸው የገዘፈ፣ የደም ሥራቸው የጠበበ፤ እሳቱ የቆየውን ሕመም ነው የቀሰቀሰው።

"ጨጓራዬ ነው"

ሐምሌ ላይ ነበር። ጋሼ የዚያን ጊዜ 51 ዓመታቸው ነው። ሌሊቱን አንድ የሶፋ መሥሪያ ቤት ሲነድ አድረው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ቤት ገቡ። ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ቁርስ አቀረቡ። ጋሼ አልበሉም። "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" ብለው ቀዝቃዛ ወተት ጠጡና ተኙ።

ጨጓራ የማይሆን ሕመም አለ እኛ ቤት? ደረት ሲያቃጥል ጨጓራ፣ ጀርባ ሲወጋ ብርድ፣ ክንድ ሲደነዝዝ "ተኝቼበት ነው"። ጋሼ ለማለት የሚያበቃቸው ምክንያትም ነበራቸው። ለጉልበታቸውና ለወገባቸው ሲሉ ለዓመታት ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዙ ሲውጡ ኖረዋል፤ መድኃኒቱ ጨጓራቸውን ከነካው ቆይቷል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እትዬ ጋቢ ሊደርቡላቸው ገቡ። ካናቴራቸው በላብ ርሷል፤ ግንባራቸው ግን ቀዝቃዛ ነው።

"ክረምት ነው፤ ቤቱ በረዶ ነው። ይኼ ላብ ከየት መጣ?" አሉ እትዬ።

"ደክሞኝ ነው። ተይኝ ልተኛበት።"

"ተነሥ። ጨጓራ እንዲህ አያልብም!"

ጎረቤት ላዳውን አስነሥቶ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። የልብ ምርመራው ወረቀት ከማሽኑ ወጥቶ ሳያልቅ ሐኪሙ መልሱን አውቆት ነበር፤ ከልብ ደም ሥሮቻቸው አንዱ ተዘግቷል። ቶሎ በመድረሳቸው ዛሬ በሕይወት አሉ። ሐኪሙ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ሲጠይቃቸው ዳይክሎፌናኩን ነገሩት። "ይኼን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉታል" አላቸው።

እኔ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ማንበብ እስክጀምር ድረስ ጉልበትና ልብ ምን እንደሚያገናኛቸው አላውቅም ነበር። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜና በብዛት ሲወሰዱ የደም ግፊትን ሊጨምሩ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድልንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2015 በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አጠንክሮታል። ጋሼን ያሳመማቸው መድኃኒቱ ነው እያልኩ አይደለም፤ ግፊትም ነበረባቸው፣ ሲጋራም ለብዙ ዓመት አጭሰዋል። ግን ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያለ ሐኪም ማስታገሻ ይውጣል፣ ስለሚያመውም አይንቀሳቀስም፣ ስለማይንቀሳቀስ ይወፍራል፣ ጉልበቱም ይብሳል። በመጨረሻ ዕዳው ልብ ላይ ያርፋል።

ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ

ጋሼ በርጩማ ላይ መቀመጥ ካቆሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቡና ሲፈላ ሁላችንም ዝቅ ብለን ስንቀመጥ እሳቸው ከኋላ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ናቸው። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ በዓይናቸው የሚፈልጉት የፕላስቲክ ወንበር ነው። ድሮ እኛ ልጆቹ እንደ ክብር ነበር የምናየው።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ፤ ቢዝነስ የተማርኩት ለዚህም ይጠቅማል። የውስጥ ስፋቱ 45 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ቱቦ ውሃ ሲሞላ ወደ 32 ሊትር ይይዛል። የቱቦው ክብደት ሳይቆጠር 32 ኪሎ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቱቦው በግፊት ተወጥሮ እንደ ዘንዶ ይጠማዘዛል፤ ይህንን በጨለማ፣ በጉልበት እየዳሁ፣ ጥግ ለጥግ መጎተት ነው ሥራው። ጡንቻ መሳሳብ፣ ወለምታና የጅማት ጉዳት የዚህ ሙያ የዘወትር ጉዳቶች መሆናቸው አይገርምም።

የሚገርመው ጉዳቱ የሚደርስበት ቦታ ነው። በአሪዞና ግዛት የቱሳን ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከ2004 እስከ 2009 የደረሰባቸው ጉዳት ሲጠና፣ እሳት ቦታ ላይ የደረሰው ከ10 ጉዳት 1 ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሦስት አንዱ የደረሰው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ሲሠሩ ነው! 17 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ሕመምተኛ ሲያነሡና ሲያጓጉዙ። ሳያሟሙቁ ክብደት ማንሣት፣ በጠባብ ደረጃ ላይ ጎንበስ ብሎ ሰው መሸከም፤ ለካሜራ የሚሆን ነገር የለውም። ጋሼን ወገባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎዳቸው ምን እንደነበር ብጠይቃቸው የአንድ ታላቅ እሳት ታሪክ ጠብቄ ነበር። "አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከሁለተኛ ፎቅ ሳወርድ" አሉኝ። እሳት እንኳ አልነበረም።

ስፖርቱ ስለሚጎዳ ይቅር የሚል ግን የለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው። በኢንዲያና ግዛት 1,104 ወንድ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለ10 ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎባቸው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። በመጀመሪያው ምርመራ ከ40 በላይ ፑሽ አፕ የሠሩት፣ 10 እንኳ መሙላት ካቃታቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ96 በመቶ ያነሰ ነበር። ይህን አንብበው አሁኑኑ ምንጣፍ ላይ እንዳይወድቁ! የተጠኑት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ አማካይ ዕድሜያቸው 40 ገደማ፤ የታመሙትም ቁጥር ትንሽ ነው። ፑሽ አፑ ራሱም ልብን የሚጠብቅ ክትባት አይደለም፤ የአጠቃላይ ብቃት ምልክት እንጂ። እኔ ሞክሬ 6 ላይ ቆሜያለሁ።

በር ላይ የሚጠብቁት

በአሜሪካ መመሪያ መሠረት ሁለት የ30 ደቂቃ ሲሊንደር የጨረሰ ወይም 40 ደቂቃ በጽኑ የሠራ ሰው ከእሳቱ ወጥቶ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ልብሱን ያወልቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የልብ ምቱና ግፊቱ ይታያል፤ ካልተስተካከለ አይመለስም። ጥሩ ሥርዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰዓታት ግን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በር የሚከፍተው የቤተሰብ አባል ነው።

በ2017 ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ሌሊቱን በቴሌቪዥንና በስልክ ስንከታተል ያደርን ሁሉ ነበልባሉን አይተናል። በማግሥቱ ጠዋት እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ሲገቡ ግን ማናችንም አላየንም። እርስዎ ባለቤትዎ፣ ልጅዎ ወይም ወንድምዎ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ከሆነ (የቀን ሠራተኛ፣ የጭነት ሹፌር፣ ነርስም ሊሆን ይችላል) ከሥራ ሲመለስ "እንዴት ነበር?" ከማለት በፊት ይዩት። የደረት መጨነቅ ወይም መክበድ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፤ እነዚህ ከታዩ "ትንሽ ልተኛበት" የሚባል ነገር የለም። ሴቶች ላይ የደረት ሕመሙ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ያልተለመደ ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 ደግሞ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ ነው። ሁለቱንም ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ ማቀዝቀዣው በር ላይም ይለጥፉ፤ ልጆች ስልክ መክፈት ባይችሉ ማንበብ ይችላሉ።

ግፊት ደግሞ ምልክት ሳይሰጥ ነው የሚኖረው። ከ140 በ90 በላይ ሆኖ በተደጋጋሚ ከተገኘ ሐኪም ማየት ግድ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየፋርማሲው የምንገዛውን የሕመም ማስታገሻም ይቁጠሩት፤ በሳምንት ስንት ጊዜ? ከስንት ዓመት ጀምሮ? ለጉልበትና ለወገብ ብዙ ጊዜ የሚሻለው በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴ ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ግን ልብ ላይ ዕዳ አያመጣም።

ጋሼ ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ ቀድሞ ሥራቸው አልተመለሱም። ቢሮ ውስጥ ስልክ እንዲቀበሉ ተመደቡ። "ከበሽታው በላይ ያመመኝ እሱ ነው" ይላሉ። መኪናው ሲወጣ ድምፁን እየሰሙ ወንበር ላይ መቅረት። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ በየማለዳው ከእትዬ ጋር 40 ደቂቃ በእግራቸው ይሄዳሉ። ሲጋራ የለም፤ ጨው ላይ ግን አሁንም ይጣላሉ።

እሑድ ዕለት ይህንን ጽሑፍ ላነብላቸው ሄጄ ነበር። ጋሼ ስለ ሴትዮዋ የጻፍኩትን እንዳወጣው ጠየቁኝ፤ እምቢ አልኩ። እትዬ ደግሞ ከቡፌው ውስጥ የግፊት መለኪያውን አወጡ። የጋሼን ለኩ፣ አንዲት ባለመስመር ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ክንድሽን አምጪ" አሉኝ። 138 በ88።

"ቡና ስለጠጣሁ ነው እትዬ" አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ደብተሩን ገልብጠው አዲስ ገጽ ከፈቱና ስሜን ከላይ ጻፉ። "ነገ ጠዋት ቡና ሳትጠጪ ነይ።"